ዶላር ላይ ያላከክነው ኪሳራ፦ የ78 መስኮቶች ታሪክ

ስልኩ የተደወለው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ነሐሴ 2016፣ ዝናቡ ፋታ በሰጠበት አንድ ቀን። የገጠማው መሪ ነበር።

"አለቃ፣ ሲሊኮን አልቋል።"

"የትኛው ሲሊኮን?"

"ያመጣነው በሙሉ።"

ሲሊኮን የመስኮቱን ዙሪያ ከግድግዳው ጋር የምንደፍንበት፣ በቱቦ የሚሸጥ ማሸጊያ ነው። ለሥራው በሙሉ ብለን የገዛነው 60 ፍሬ ነበር። መስኮቶቹ 78 ናቸው። እስከዚያ ቀን የተገጠሙት 28 ብቻ። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ሌብነት ነው። ሳይት ላይ ዕቃ ሲጎድል ሰው ቶሎ የሚያስበው እሱን ነው። "ባዶዎቹን ሰብስባችሁ አንድ ቦታ አስቀምጡልኝ" አልኩት። ከሰዓት ሄጄ አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። 60ዎቹም አሉ፣ ተጨምቀው ባዶ ሆነው። ማንም አልሰረቀም። ጉዱ የእኔው ፕሮፎርማ ላይ ነበር።

ትንሽ የአልሙኒየም ወርክሾፕ አለን፣ አዲስ አበባ ውስጥ። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ነው የያዝነው። እሱ ማሽኑንና ልጆቹን ይመራል። እኔ ልኬት እወስዳለሁ፣ ዋጋ እሠራለሁ፣ መርካቶ እመላለሳለሁ። ስለዚህ እዚህ የምተርከው ስህተት የጋራ አይደለም፣ የኔ ነው።

ሥራው

ሥራው ፔንሲዮን ነው። ጂ+4። ከላይ ያሉት አራቱ ፎቆች እያንዳንዳቸው ስምንት ክፍል አላቸው፣ በድምሩ 32 ክፍል። ምድር ቤቱ እንግዳ መቀበያና ሱቆች ነው። ግድግዳው እንደ አብዛኛው የከተማችን ሕንፃ ነው። ኮለኑና ቢሙ ኮንክሪት፣ መሃሉ ብሎኬት።

መስኮቶቹ አራት ዓይነት ናቸው። መኝታ ክፍሎቹ እያንዳንዳቸው 150 በ150 ሳንቲ የሆነ ተንሸራታች መስኮት አላቸው፣ 32 ፍሬ። ሽንት ቤቶቹ 60 በ60 የሆነች፣ ከላይ ተንጠልጥላ ወደ ውጭ የምትከፈት ትንሽ መስኮት። እሷ ከምድር ቤቶቹ ጋር 36 ፍሬ ናት። ደረጃው ጋ 120 በ180 የሆኑ የማይከፈቱ አራት አሉ። ምድር ቤት ደግሞ 240 በ180 የሆኑ ስድስት ትልልቆች፣ መሃላቸው የሚንሸራተት፣ ዳርና ዳራቸው የማይንቀሳቀስ። ሁሉም ሲደመር 78 መስኮት፣ በስፋት 119.5 ካሬ። በአፍ "120 ካሬ" ይባላል። እኔም እንደዚያው አልኩ።

ዋጋ የሠራሁት ግንቦት ላይ ነው። ባለቤቱ ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ይሰበስቡ ነበርና መቸኮል ነበረብኝ። ፕሮፋይሉን (ፍሬሙ የሚቆረጥበትን ረጅም አልሙኒየም) በባር፣ መስታወቱን በካሬ በደንብ አሰላሁ። እነሱ ላይ ማንም አይቀልድም፣ ገንዘቡ ያለው እዚያ ነው። እጀታው፣ መቆለፊያው፣ ሮለሩ፣ ጎማው፣ ብሩሹ፣ ብሎኑ፣ ፊሸሩ (ብሎኑ እንዲይዝ ግድግዳው ውስጥ የሚከተተው ፕላስቲክ)፣ ሲሊኮኑ ላይ ስደርስ ግን እንደ ልማዴ አደረግኩ። ከዚያ በፊት የጨረስነው የቢሮ ሕንፃ ነበር። የዚያን ሥራ የአክሰሰሪ ወጪ ለካሬው አካፈልኩና አዲሱን ካሬ አበዛሁበት። ለጥንቃቄ ብዬ ትንሽ ጨመርኩ። ከ100 ብር የሥራ ዋጋ ውስጥ 7 ብሩ ለአክሰሰሪና ለገጠማ ዕቃ ሆነ። ትርፋችን 14 ብር ይሆናል አልን። (ሙሉውን የውል ዋጋ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም፣ ከመቶ እያልኩ እቀጥላለሁ።)

አሸነፍን። ያን ቀን ምሳ ጋበዝኩ።

ካሬው የደበቀው

ባዶ ቱቦዎቹን በቆጠርኩበት ምሽት ወርክሾፕ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው።

የቢሮው ሕንፃ መስኮቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም 300 በ180 ነበሩ። የአንዱ ስፋት 5.4 ካሬ ነው፣ ዙሪያው ደግሞ 9.6 ሜትር። ለአንድ ካሬ መስኮት 1.78 ሜትር ዙሪያ ይደርሳል ማለት ነው። አሁን የሽንት ቤቷን መስኮት እንይ። ስፋቷ 0.36 ካሬ፣ ዙሪያዋ 2.4 ሜትር። ለአንድ ካሬ ስናካፍለው 6.67 ሜትር! የቢሮው አራት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ሲሊኮን የሚቀባው ዙሪያውን ነው። ፊሸር የሚመታው ዙሪያውን ነው። ጎማ የሚገባው ዙሪያውን ነው። እጀታና ማጠፊያ ደግሞ የሚቆጠሩት በሚከፈተው ቅጠል ብዛት ነው፣ ቅጠሉ ትንሽ ይሁን ትልቅ ግድ የላቸውም። ካሬን የሚከተለው መስታወቱ ብቻ ነው። እኔ ግን ሁሉንም በመስታወቱ ሚዛን መዘንኳቸው።

የፔንሲዮኑን 78 መስኮት ዙሪያ ደመርኩ፤ 352.8 ሜትር። ለካሬ 2.95 ሜትር ይደርሳል። ከቢሮው በሁለት ሦስተኛ ይበልጣል። እነዚያ 36 የሽንት ቤት መስኮቶች ከጠቅላላው ስፋት 11 በመቶ ብቻ ናቸው፣ ከዙሪያው ግን ሩብ ያህሉን ይይዛሉ፣ በቁጥር ደግሞ ግማሽ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸው። ፕሮፎርማው ላይ አንዲት መስመር ነበሩ። አይቼ ያለፍኳቸው።

288

ከዚያ ምሽት የማልረሳው ቁጥር ይሄ ነው።

ፍሬም ስንገጥም የምንከተለው ደንብ አለ። የመጀመሪያው ብሎን ከማዕዘኑ 15 ሳንቲ ገባ ብሎ ይመታል። ከዚያ በኋላ በሁለት ብሎኖች መካከል ያለው ርቀት ከ60 ሳንቲ አይበልጥም። ተንሸራታች መስኮት ላይ የታችኛውን ሀዲድ አንበሳውም። ውሃ የሚተኛው እዚያ ስለሆነ ቀዳዳው ወደ ግድግዳው ያስገባዋል። ከሥሩ በሽብልቅ ተደላድሎ በሞርታርና በሲሊኮን ይያዛል። ስለዚህ ብሎን የሚመታው ሦስት ጎን ላይ ነው።

150 በ150 ለሆነው መስኮት በአንድ ጎን 15፣ 60፣ 60፣ 15። ልክ 150። ሦስት ብሎን በጎን፣ ዘጠኝ በመስኮት። በ32 ሲባዛ 288።

60 በ60 የሆነችው ደግሞ አራቱም ጎኗ ይመታል። ከሁለቱም ማዕዘን 15፣ መሃሉ 30። ሁለት ብሎን በጎን፣ ስምንት በመስኮት። በ36 ሲባዛ... 288።

ሁለት ጊዜ አሰላሁት። 13 ካሬ የማይሞሉ የሽንት ቤት መስኮቶች 72 ካሬ ከሆኑት የመኝታ ክፍል መስኮቶች ጋር እኩል ፊሸር ይበላሉ። ነገሩ በዚህ ቢበቃ ጥሩ ነበር። የሽንት ቤቷ መስኮት ፍሬሟም ቅጠሏም በ45 ዲግሪ ተቆርጦ የሚገጣጠም ስለሆነ ማዕዘኑን የሚይዘው ኮርነር በመስኮት ስምንት ነው። 36 በ8 ሲባዛ ያው 288። ጓደኛዬ "ይሄን ቁጥር ሎተሪ ቁረጥበት" ብሎ ሳቀብኝ።

የደረጃውና የምድር ቤቱ ሲጨመር የብሎኑ ድምር 710 ይሆናል። እኔ ያዘዝኩት 400 ነው። የቢሮው ሕንፃ ለካሬ 2.6 ብሎን ይወስድ ነበር፣ እኔ በለጋስነት 3 አደረግኩት፣ ከዚያ አራት ሙሉ ፓኬት ገዛሁ። የፔንሲዮኑ ለካሬ 6 ገደማ ነው።

ጎማው ከዚህም ይገርማል። መስታወቱ ከውስጥም ከውጭም በጎማ ይያዛል። የሽንት ቤቷ መስኮት በዚያ ላይ ቅጠሏ ፍሬሙ ላይ የምታርፍበት ሁለት ረድፍ አላት። ደምሬ 1,156 ሜትር አገኘሁ። ለ120 ካሬ ሥራ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ጎማ! በዚያ ላይ ልጆቹ ጎማ ሲያስገቡ እየለጠጡ ነው። ሥራው ይቀልላቸዋል፣ ጎማውም የተረፈ ይመስላል። ወር ሳይሞላ ይሰበሰብና ማዕዘኑ ላይ ክፍት ይተዋል። ስለዚህ ጎማ ትንሽ ተርፎ ተገፍቶ ነው መግባት ያለበት። የሚጨመረው 5 በመቶ ለብክነት ብቻ አይደለም።

ሲሊኮኑ ለምን እጥፍ አለፈ

ዙሪያው ብቻ ቢሆን ኖሮ ስህተቱ መጠነኛ ነበር። ሲሊኮን በመስመሩ ወርድና ጥልቀት ነው የሚፈጀው። አንድ ፍሬ 300 ሚሊ ሊትር ይይዛል። 6 ሚሊ ወርድ፣ 6 ሚሊ ጥልቀት ያለው መስመር በሜትር 36 ሚሊ ሊትር ይወስዳል። አንዱ ፍሬ ከ8 ሜትር በላይ ይሄዳል ማለት ነው። ከውስጥም ከውጭም 705 ሜትር ለመቀባት 85 ፍሬ ይበቃ ነበር። የኔ 60 ስህተት ነው፣ ግን አገር የሚያፈርስ ስህተት አይደለም።

ያልጠበቅኩት ክፍተቱን ነው። ግንበኞቹ የተዉት ቀዳዳ አንድ ወጥ አልነበረም። ልስኑ ካለቀ በኋላ ስለካ የመኝታ ክፍሎቹ ቀዳዳ ከ150.5 እስከ 153 ሳንቲ ይለያይ ነበር። እዚህ ጋ ሁለት ምርጫ ነበረኝ። ወይ 32 መስኮት በ32 ልኬት መቁረጥ፣ ወይ በትንሹ ቀዳዳ ልክ ሁሉንም አንድ ማድረግ። አንድ አደረግናቸው። የቆረጣው ማሽን አንዴ ይስተካከላል፣ ልጆቹ አይሳሳቱም፣ ፕሮፋይል አይባክንም። ዛሬም ብሆን ምናልባት እንደዚያው አደርጋለሁ። ግን የዚያ ምቾት ሂሳብ የሚከፈለው በሲሊኮን መሆኑን ወረቀቱ ላይ አላሰፈርኩም።

ከውጭ በኩል መስመሩ በአማካይ 12 ሚሊ ወርድ፣ 8 ሚሊ ጥልቀት ሆነ። በሜትር 96 ሚሊ ሊትር። አንድ ፍሬ 8 ሜትር መሄዱ ቀርቶ 3 ሜትር ብቻ። የውጩ ዙሪያ ብቻውን 113 ፍሬ ይፈልጋል፣ የውስጡ 42። በድምሩ 155። እንግዲህ 60 ፍሬ በ28ኛው መስኮት ለምን እንዳለቀ ግልጽ ነው።

ሰፊ ክፍተት ውስጥ ሲሊኮን ዝም ብሎ አይሞላም። ከኋላው የሚደገፍበት የስፖንጅ ገመድ ይገባል። አንደኛ ጥልቀቱን ይገድባል፣ ሁለተኛ ሲሊኮኑ ፍሬሙንና ግድግዳውን ብቻ እንዲይዝ ያደርጋል። ከሥሩም ከተጣበቀ ፀሐይ ሲያሰፋውና ሲያጠበው ይቀደዳል። ገመዱ ዝርዝሬ ውስጥ አልነበረም። ልጆቹ በፎም ሞሉት። ፎም ደግሞ ልክ ካላወቁለት ያብጥና የተንሸራታቹን ፍሬም መሃሉን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ሦስት መስኮቶች እንደዚያ ሆነው ቅጠሉ አልሄድ አለ። ፎሙን በቢላ ፈልፍለን አወጣን።

ሌላው የማፍርበት ነገር የሲሊኮኑ ዓይነት ነው። የመጀመሪያዎቹ 60 ያ ኮምጣጤ የሚሸተው ርካሹ ነበር። መስታወት ላይ ጎበዝ ነው። የሲሚንቶ ልስን ላይ ግን አስተማማኝ አይደለም። ለግድግዳ የሚሆነው የማይሸተው፣ ኒውትራል የሚባለው ነው፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ያ የዋጋ ልዩነት የትም አልተያዘም ነበር። በዚያ ላይ ክረምት ነው። እርጥብ ግድግዳ ላይ የትኛውም ሲሊኮን ደስ ብሎት አይዝም። ፀሐይ በወጣችባት ሰዓት እየተሯሯጥን ነበር የምንቀባው። ማታ የተከፈተ ቱቦ አፉ ደርቆ ያድራል። አፉ ላይ ብሎን ሰክቶ ማሳደር የምትለዋን ዘዴ ያስተማረን የፎቅ ሠራተኛ ነው፣ ከእኛ ልጆች አንዱ አይደለም።

መጨረሻ ላይ የገባው ሲሊኮን 178 ፍሬ ነው።

የሚዞረው ፊሸር

ይሄኛው ከሲሊኮኑ ቀድሞ የመጣ ነው፣ ግን ትርጉሙ የገባኝ በኋላ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ገጠማ፣ መሪው ጠርቶ አሳየኝ። ከመስኮቱ በላይ ያለው ኮንክሪት ላይ ብሎኑ ጥርቅ ብሎ ይይዛል። ጎኑ ላይ ግን ትራፓኖው ትንሽ እንደገባ ጥልቅ ይላል፣ ባዶ ነው። ፊሸሩን ከትተን ብሎኑን ስናጠብቅ አብሮት ይዞራል። "ቂጣ ላይ ነው እንዴ የምንቸነክረው?" አለኝ።

የገዛሁት ባለ 8 ሚሊ ፊሸርና 6 ሳንቲ ብሎን ነበር። ለቢሮው ሕንፃ ሠርቷል። የቢሮው መስኮቶች ከኮለን ኮለን የተዘረጉ ስለነበሩ ጎናቸው ሁሉ ኮንክሪት ነው። ፔንሲዮኑ ግን በብሎኬት መሃል የተከፈቱ ቀዳዳዎች ናቸው። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው፣ የፊቱ ውፍረት ሁለት ተኩል፣ ሦስት ሳንቲ ቢሆን ነው። ከብሎኑ ላይ የፍሬሙንና የክፍተቱን ስንቀንስ ግድግዳው ውስጥ የሚገባው ጫፉ ብቻ ነው። እሱም አየር ላይ።

ያስፈለገው ባለ 10 ሚሊ ረጅም የፍሬም ፊሸር ነው፣ 10 ሳንቲና ከዚያ በላይ። የፊቱን ግድግዳ አልፎ የውስጡንም ይነካል። እሱም በማይዝበት ቦታ ቀዳዳውን በሞርታር ሞልቶ፣ ቀን ጠብቆ፣ እንደገና መብሳት። ከመቶ በላይ ቀዳዳ ላይ ይህን አደረግን። ሦስት ሰው ቆሞ ሞርታር እስኪደርቅ ሲጠብቅ ዕለታዊ ክፍያው ይቆጥራል።

ልኬት ልወስድ ስሄድ እጄ ላይ ሜትር ነበረች። ግድግዳውን በጣቴ አንኳኩቼው ቢሆን ኖሮ ባዶ መሆኑን እሰማ ነበር።

ዶላሩ

አሁን ወደ ዋጋው። የቅድሚያ ክፍያውን ሰኔ ላይ ተቀብለን ፕሮፋይሉንና መስታወቱን በሙሉ ገዛንበት። ሲሊኮኑንና አጭሩን ፊሸርም ጨምረን። እጀታ፣ ሮለር፣ መቆለፊያ፣ የሽንት ቤቱን ማጠፊያ፣ ጎማና ብሩሹን ግን "ሲደርስ እንገዛለን" ብለን ተውናቸው። ትንንሽ ነገር ነው፣ መርካቶ የትም አይሄድም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን በንግድ ባንክ 74 ብር ገባ፣ ነሐሴ ሳያልቅ ደግሞ 100 አለፈ። እጀታውም ሮለሩም ከውጭ የሚመጣ ነው። መርካቶ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ዋጋ መናገር ያቆሙ ሱቆች ነበሩ። "ነገ ና" ይሉሃል። ነገ ስትሄድ የትናንቱ ዋጋ የለም። ውላችን ደግሞ ዋጋው የማይለወጥ ነው።

ለባለቤቱ ነገርኳቸው። "ጋሼ፣ ዶላሩን እያዩት ነው" አልኩ።

"አያለሁ ልጄ። አንተም ውሉን እያየኸው ነው?" አሉኝ። ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

ሥራው ጥቅምት 2017 ላይ ሲዘጋ አክሰሰሪና የገጠማ ዕቃ ከ100 ብሩ 16 ብር በልቷል። በ7 ፋንታ። 14 ብር ያልናት ትርፍ 5 ሆነች። ከዚያ በኋላ ለወራት ሰው ሲጠይቀን "ዶላር ነው ያከሰረን" እንል ነበር። ሰው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። ማንም አይከራከርም፣ ሁሉም ያው ቁስል አለበት።

ደረሰኞቹን አንድ ቅዳሜ ዘርዝሬ ሳያቸው ግን ሌላ ነገር ወጣ። የተጠቀምነውን ዕቃ በሙሉ በግንቦት ዋጋ አሰላሁት። 12 ብር መጣ። ዶላሩ ባይነካ ኖሮም 5 ብር ከስረን ነበር። የዋጋው ጭማሪ የቀረችው 4 ናት። እሷም ሁሉ የዶላር አይደለችም። ከመጀመሪያው ቆጥሬያቸው ቢሆን ኖሮ አብዛኞቹን ሰኔ ላይ እገዛቸው ነበር። ያልተቆጠረ ዕቃ በጊዜ አይገዛም። ነሐሴ ላይ በነሐሴ ዋጋ ነው የሚገዛው።

እዚህ ላይ ጓደኛዬ የናቱን አባባል አመጣ። "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።" ከሱ አፍ ሲወጣ በጣም ያናድድ ነበር።

በሂሳቡ ውስጥ ሳይታይ የቀረ ወጪም አለ። በጎደለ ቁጥር መርካቶ መሮጥ ግማሽ ቀን ይበላል፣ በክረምት መንገድ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። በችኮላ ከትንሽ ሱቅ የተገዛ ብሎን ደረሰኝ የለውም። ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ደግሞ ለግብር ሲሆን ወጪ ተብሎ አይያዝልህም። ሁለት ጊዜ ትከፍልበታለህ። በተለያየ ቀን ከተለያየ ሱቅ የተገዛ እጀታ ቀለሙ አይገጥምም። አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለት የሽንት ቤት መስኮቶች የተለየ እጀታ ይዘው ሁለት ሳምንት ቆይተዋል፣ ተመሳሳዩ እስኪገኝ።

አንድ የሚያስጨንቀኝን ጥያቄም ልጨምር። ግንቦት ላይ በትክክል ቆጥሬ 12 ብር ጽፌ ቢሆን ኖሮ ሥራውን እናገኘው ነበር ወይ? ሦስት ፕሮፎርማ ነው የቀረበው። ዋጋችን ከሁለተኛው ያነሰው በብዙ አልነበረም። ሳስበው ያሸነፍነው ስለተሳሳትኩ ሳይሆን አይቀርም። ምናልባት ሌሎቹ የሽንት ቤቶቹን መስኮቶች ቆጥረዋቸው ነበር።

አሁን የምሠራበት

በካሬ ማስላቱን ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም። ለመስታወት ያው ነው። ለሌላው ግን ለእያንዳንዱ የመስኮት ዓይነት አንድ ገጽ እከፍታለሁ። የአንድ መስኮት ብቻ። ዙሪያው ስንት ነው፣ ስንት ቅጠል ይከፈታል፣ ብሎኑ ስንት ጎን ላይ ይመታል፣ ግድግዳው ምንድን ነው። ከዚያ የአንዷን መስኮት ዕቃ እስከ መጨረሻዋ ኮርነር እጽፋለሁ። ብዛቱን የማበዛው መጨረሻ ላይ ነው። አራት ዓይነት መስኮት አራት ገጽ ነው፣ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

የቅጠሉን ክብደትም እዚያው እጽፋለሁ። መስታወት በየሚሊው ውፍረት ለካሬ 2.5 ኪሎ ይመዝናል። ባለ 6 ሚሊው 15 ኪሎ ነው። የመኝታ ክፍሉ አንድ ቅጠል ከአልሙኒየሙ ጋር 20 ኪሎ ገደማ ይሆናል፣ ሁለት ሮለር ይሸከሙታል። ሻጩ "ይሄ ጠንካራ ነው" ሲለኝ ስንት ኪሎ ይችላል ብዬ የምጠይቀው አለኝ።

ተጨማሪው እንደየዕቃው ነው። ብሎን ይወድቃል፣ ይጠፋል፣ ጥርሱ ይበላል፣ ስለዚህ ከመቶ አሥር። ጎማና ብሩሽ አምስት። ሲሊኮን አሥራ አምስት፣ ክረምት ከሆነ ከዚያም በላይ። እጀታና ማጠፊያ አይባክንም፣ ግን በየዓይነቱ ሁለት ሦስት መጠባበቂያ ከዚያው ፓኬት አብሮ ይገዛል፣ ለቀለሙ ሲባል። የሲሊኮኑን ወርድ ደግሞ ከፕላኑ አልወስድም። ልስን ካለቀ በኋላ ቢያንስ አሥር ቀዳዳ ለክቼ ትልቁንና ትንሹን አያለሁ። የአክሰሰሪውን ገንዘብም ከቅድሚያ ክፍያው ላይ ከፕሮፋይሉ እኩል እቆርጣለሁ። ጓደኛዬ በዚህ አይስማማም፣ "ገንዘብህን መጋዘን ውስጥ አሰርከው" ይለኛል። አንዳንዴ ልክ ነው፣ ሥራ የሚዘገይበት ጊዜ አለ።

ፔንሲዮኑ ላይ ባለቤቱ የመጨረሻዋን 5 በመቶ ለአንድ ክረምት ይዘዋት ነበር። ሐምሌ 2017 ደወሉ። "ልጄ፣ ሁለት ክፍል ውሃ አስገብቷል።" ሄድን። ሁለቱም አንደኛ ፎቅ ላይ ናቸው፣ ከመጀመሪያዎቹ 28 ውስጥ። ያ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ከልስኑ ላይ እንደ ላስቲክ ተነስቷል፣ በጣት ስትስበው ሙሉውን ይመጣል። ላጥነው፣ አደረቅነው፣ ገመድ አስገብተን በማይሸተው ቀባነው። አምስት ፍሬ ሄደ፣ ትርፉን ለሌላ ሦስት መስኮት አደረግነው። በማግስቱ ሲዘንብ እዚያው ቁጭ ብለን ጠበቅን። ባለቤቱ ሻይ አዘዙልን። ገንዘቡን የሰጡን መስከረም ላይ ነው።